ከፎቶው ወዲህ

ወይዘሮ አርዲስ ጎብኚ እንዳያልፍ ከተዘረጋው ቀይ ገመድ ፊት ቆመው የሟች ባላቸውን የሥራ ክፍል ያያሉ። ከጎናቸው የቆመው የዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ኖላን ደግሞ ክፍሉን ትቶ እሳቸውን ነው የሚያየው።

ይህችን ቀን እንዴት እንደጠበቃት! የዩኒቨርሲቲው የኦሪን ሃስኬል የጥናት ማዕከል ነገ በሩን ይከፍታል። የወይዘሮ አርዲስ ባል፣ ደራሲው ሃስኬል፣ ዕድሜ ልኩን በልብ ወለዶቹ የሩቅ ኮከብና የሩቅ ሕዝብ ሲፈጥር የኖረው፣ አሜሪካ፣ ኢንዲያና ውስጥ በቆሎ ማሳ መሃል ካለች ቤት፣ ያውም ከመሬት በታች ባለው ምድር ቤት ቁጭ ብሎ ነበር። ኖላንና ባልደረቦቹ ያንን ምድር ቤት ነቅለው እዚህ ተከሉት ማለት ይቻላል። ጠረጴዛውም፣ የጽሕፈት መኪናውም፣ የነተበው ምንጣፍ እንኳ ሳይቀር ብሉ በብርድ እንዲሞት ማቀዝቀዣ ክፍል ከርሞ፣ በፎቶ እየተመሳከረ፣ በሜትር እየተለካ ቦታ ቦታውን ያዘ። የቀረው የባለቤቲቱ አንድ ቃል ነው። "አዎ፣ የኦሪን ክፍል ይኼ ነው" ካሉ፣ ኖላን ነገ ቀና ብሎ እንግዳ ይቀበላል። ካላሉ ግን ያ ሁሉ ልፋት የቲያትር መድረክ ከመሥራት አያልፍም።

"እህ፣ እንዴት አዩት?" አለ መታገሥ ቢያቅተው።

"ቆንጆ ነው ልጄ።"

ቆንጆ ነው ብሎ ነገር! ሰው የጎረቤቱን አዲስ መጋረጃ ሲያይ የሚላት ቃል አይደለች?

"'ግን' የሚሉት ነገር አለ አይደል? አይደብቁኝ።"

"እንጃ እኔ። የሆነ ነገር ጎድሎታል።"

"ምን? ይንገሩኝ ብቻ፣ ዛሬውኑ ፈልጌ አመጣዋለሁ።"

"ባውቀው መች ዝም እልህ ነበር!"

ኖላን ሮጦ ፎቶዎቹን አመጣና እያቀበለ አሳያቸው። መብራቱ ከጠረጴዛው ግራ፤ አለ። የቆርቆሮዋ ሮኬት ከመደርደሪያው ጫፍ፤ አለች። ክንዱ የተበሳው ሹራብ የወንበሩ መደገፊያ ላይ፤ እሱም አለ። ወይዘሮ አርዲስ አንዴ ፎቶውን፣ አንዴ ክፍሉን እያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ምንም አልቀረህም። ወይ ጉድ፣ ታዲያ ምን ሆኜ ነው ቤቴ አልመስል ያለኝ?" ፎቶውን መለሱለት። "በቃ፣ እሱ ስለሌለ ይሆናላ። አንተ ምን ታደርግ፣ ልጄ፣ ያለህን ሁሉ አድርገሃል።"

አንጀቱን በሉት። ስለ ራሱ ማሰቡንም ተወው። ፎቶዎቹን መሰብሰብ ጀመረ። እንዲያው ወሬ ለማስቀየር ያህል፣ "ለመሆኑ እነዚህን ማን ነው ያነሳቸው?" አላቸው።

"ማን ያነሳዋል? እኔ ነኝ እንጂ! ኦሪን ሌላ ሰው ያስገባ ነበር እንዴ?"

"የት ቆመው?"

"ኧረ መቼ ቆሜ! ወንበሬ ላይ ሆኜ ነው። እዚያው ምድር ቤት ካለው የልብስ ማጠቢያ ማሽን አጠገብ።"

ኖላን የያዛቸውን ፎቶዎች ዳግም አገላበጠ።

"ወንበርዎ..." አለ ኖላን ቀስ ብሎ።

ከፎቶዎቹ በአንዱም ላይ እንዲህ ያለ ወንበር የለም። እንዴትስ ይኖራል? ፎቶ የሚያነሳ ሰው የተቀመጠበትን አያነሳ! እነሱ ደግሞ ፎቶው ያሳያቸውን ሁሉ እስከ ጣት ስፋት ለክተው ሳለ፣ ከፎቶው ወዲህ በኩል ሰው ይኑር አይኑር ብሎ የጠየቀ አንድ ምሁር አልተገኘም። የወንበሩ ቦታ አሁን ገመዱ የተዘረጋበት ነው።

"አመሻሽ ላይ የቀኑን ጽሑፍ ያነብልኛል፣ እኔ የታጠበ ልብስ አጣጥፋለሁ" አሉ ወይዘሮ አርዲስ፣ ፈገግ እያሉ። "አቤት፣ ስንት ዓለም ሲጠፋ እኔ ካልሲ ጥንድ ጥንዱን ሳገናኝ! አንዴማ ጀግናው ሊሞት ሲያጣጥር 'የግራው ካልሲህ የት ገባ?' ብዬው ሳምንት ሙሉ አኮረፈኝ።"

ኖላን ሳቀ። አፈረም፣ ደስም አለው። ከንባብ ክፍሉ አንድ ታጣፊ ወንበር አምጥቶ ገመዱን ፈታና እሳቸው በጣታቸው ያሳዩት ቦታ ላይ ዘረጋው። ወይዘሮ አርዲስ ጉልበታቸውን ይዘው ተቀመጡ። ቀና ብለው አዩ።

"አዎ" አሉ። "አሁን የኦሪን ክፍል ሆነ።"

ሲመኘው የኖረው ቃል ይኸው ተነገረ። እሳቸው ግን በዚያ አላበቁም። "በል ተቀመጥ" አሉት፣ የባላቸውን ወንበር እያሳዩ።

"እኔ? ማንም እንዳይቀመጥበት ብዬ ያወጅኩት እኔው ነኝ እኮ!"

"እንግዲያ አዋጁን አንተው ሻረዋ። ሽቅብ ሳይህ አንገቴን አመመኝ።"

ተቀመጠ። ወንበሩ ሲጢጥ አለ። የጽሕፈት መኪናው ላይ ሃስኬል ሳይጨርሳት የሞተባት የመጨረሻዋ ገጽ እንደተወጠረች ናት።

"አንብብልኝ።"

ገጿን በቃሉ ያውቃታል። ቢሆንም ዓይኑን ወረቀቱ ላይ ተክሎ፣ እንዳይቸኩል እየተጠነቀቀ አነበበላቸው። እሳቸው የሚታጠፍ ቢያጡ የአንገት ልብሳቸውን ፈትተው ጭናቸው ላይ ዘርግተው ያጣጥፉ ጀመር። በገጿ ላይ አንዲት መንገደኛ ሴት ከጠፈር መርከቧ በር ደረሰች። መዝጊያውን ገፋችው። ከበሩ ማዶም... አለቀ። ዓረፍተ ነገሩ እዚያው ላይ ነው የተቋረጠው።

"ከዚያስ?" አሉ ወይዘሮ አርዲስ።

በዚህች ጥያቄ ላይ ኖላን መጽሐፍ የሚያህል ጥናት ጽፎባታል። ስንቱ ሊቅ በስብሰባ ላይ ተነታርኮባታል። አሁን ግን ከወረቀቱ ቀና ብሎ አያቸው።

"አላውቅም" አለ።

"እሱም እንደዚሁ ነበር የሚለኝ" አሉ። ያጣጠፉትን በመዳፋቸው ለስለስ አድርገው ዳበሱት። "ይሁን፣ ራት እስኪደርስ አስብበት።"