የመስመር ዘጠኙ ካርድ

ካርዱ የታገደው ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ከአርባ ላይ ነው። ያሳገደችው የከተማ ዳታ ሳይንስ የማስተርስ ተማሪ ናት።

መመረቂያ ጽሑፏን የምትሠራው በአውቶቡስ ካርዶች ላይ ነበር። የትራንስፖርት ቢሮው የሁለት ዓመት መረጃ ሰጥቷታል፤ የባለቤቶቹ ስም ጠፍቶ፣ ቁጥራቸውም ተቀይሮ። ከቁጥሩ ጀርባ ያለውን ሰው ላትፈልግ ፈርማለች። የመረጠችው መስመር ዘጠኝን ነው፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ስለተሳፈረችበት ፌርማታዎቹን በቃሏ ታውቃቸዋለች።

ጽሑፉ ለእሷ ከዲግሪ በላይ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት፣ ጡረተኛው አናጺ አባቷ ሥራዋን ትታ ትምህርት መግባቷን ሲሰማ፣ «መኪና መቁጠርም ማስተርስ አለው?» ብሎ ሳቀባት። ነገሩ ከረረ።

«ከእንግዲህ ደጅህን ብረግጥ ሰው አይደለሁም!» አለች።

«እኔም የዩኒቨርሲቲሽን በር ብረግጥ!» አለ አባቷ።

ሁለቱም ቃላቸውን ጠበቁ። ጽሑፉ ሲጠረዝ የመጀመሪያውን ቅጂ ልትልክለት አስባለች። ከዚያ በኋላ ማን ቀድሞ እንደሚደውል ይታያል።

መረጃውን ስታጠራ አንድ ካርድ አላስቀምጥ አላት። ትምህርት ባለበት ቀን ሁሉ ከመስመሩ መነሻ ተሳፍሮ፣ ሁለት ከአርባ ላይ ከዩኒቨርሲቲው በር ማዶ ባለው ፌርማታ ይወርዳል። ሃያ ደቂቃ ቆይቶ ወደመጣበት ይመለሳል። በዝግ ቀን ዝር አይልም።

«ለጥናትሽ አይጠቅምም፤ ከመረጃው አውጪውና እለፊ» አሉ አማካሪዋ።

ማለፉ ግን አልሆነላትም። በዚያ ፌርማታ በአንድ ሴሚስተር አምስት ተማሪዎች ስልካቸውን ተመንትፈዋል። አብራት የምትሠራው ጓደኛዋ ስክሪኑን አየት አድርጋ ሳቀች።

«ይሄማ ሌባ ነው! ያውም ሰዓት አክባሪ! አንቺም እኮ በዚያች ሰዓት ነው የምትገቢው፤ ቦርሳሽን ጠበቅ አድርጊ።»

«እዚህ ጋ ደግሞ እዪው፤ ዝናቡ በገባ ሰሞን ሁለት ሳምንት ሙሉ እስከ ስድስት ሰዓት ቆሟል።»

«ምን ነበር ያኔ?»

«እኔ እንጃ፤ ታምሜ ተኝቼ ነበር።»

«ገበያ ቀዝቅዞበት ነዋ!»

ሁለት ቀን አመነታች። ፊርማዋ ትዝ ይላታል፤ ስልኳን ተነጥቃ ስታለቅስ ያየቻት ልጅም ትዝ ትላታለች። ዓርብ ዕለት የካርዱን ቁጥር ከአንድ ገጽ ማብራሪያ ጋር ለቢሮው የደኅንነት ክፍል ላከች።

ሰኞ አራት ሰዓት ላይ ተጠርታ ሄደች። የክፍሉ ኃላፊ ፊቱ ጠቁሯል። ጠረጴዛው ላይ አንድ የቤት ቁልፍና ባዶ የመነጽር ማኅደር ተቀምጧል።

«ከባለካርዱ ኪስ የተገኘው ይኸው ነው» አላት። «ሌላ ነገር የለም። አዛውንት ሰው ናቸው። ተቆጣጣሪዎቹ ሰው ፊት ፈተሿቸው። እዚህ ምን ትሠራለህ ቢሏቸው፣ መቆም ተከለከለ እንዴ አሉ።»

«ከዚያስ?»

«ለጥያቄ መንገዱን አሻግረው ወደ ዩኒቨርሲቲው ጥበቃ ክፍል ሊወስዷቸው ነበር። እስከ በሩ ድረስ እሺ ብለው ሄዱ። እዚያ ሲደርሱ አልገባም ብለው ታገሉ። ወደቁ።»

«አሁን የት ናቸው?»

«ሐኪም ቤት ሳይደርሱ አረፉ።»

ተማሪዋ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ያንቺ ጥፋት ብቻ አይደለም» አለ ኃላፊው፣ የካርዱን የምዝገባ ቅጽ ከፋይል ውስጥ እያወጣ። «ቆይ፣ መጀመሪያ ለቤተሰብ ልንገር።»

«የቅርብ ዘመድ» ከሚለው መስመር ላይ ቁጥሩን አንድ በአንድ እያነበበ በጠረጴዛው ስልክ ደወለ።

በተማሪዋ ቦርሳ ውስጥ ስልክ ጮኸ።