እርሳስ የነሱ ነው

በ2006 ዓ.ም. ያ ሁሉ ሐበሻ ከሪያድ ተጠራርጎ ሲባረር፣ ሙስሊማ ግን ልውጣ ብላ ለምና ተከለከለች። ሺፋ ሰፈር በቤት ሠራተኝነት የገባችበት የሁለት ዓመት ኮንትራት ካለቀ ስድስት ወር አልፎታል። አሠሪዋ አቡ ፋሃድ የመውጫ ወረቀቷን፣ ኹሩጁን፣ እንዲጨርስላት በጠየቀችው ቁጥር «ቡክራ» ይላታል። ነገ ማለቱ ነው። የአቡ ፋሃድ ነገ ደግሞ መጥቶ አያውቅም።

ልጇ ኢልሃም መስከረም ሲጠባ ከሚሴ ላይ አንደኛ ክፍል ትገባለች። በስልክ «እማዬ፣ የአረብ አገር እርሳስ አምጪልኝ» ብላታለች። ሌላ ምንም አልጠየቀችም። 

እርሳስ በአረብኛ ምን እንደሚባል የጎረቤት ሠራተኛዋን ዘይነብን ጠየቀቻት።

«ቃሉ ራሱ የመጣው ከነሱ አይደል እንዴ እህቴ?» አለች ዘይነብ፣ አምስት ዓመት የኖረችው አዋቂ። «ረሳስ በያቸው፣ ኸላስ፣ አለቀ!»

ሐሙስ ምሳ ካነሳች በኋላ የአቡ ፋሃድን ሚስት ሉብናን ተጠጋቻት።

«ማማ፣ ረሳስ እፈልጋለሁ።»

ሉብና ስልኳን አስቀመጠች። «ለምንሽ?»

«ለልጄ። ሰባት ዓመቷ ነው።»

«ለሰባት ዓመት ልጅ?»

«የሰፈሯ ልጆች ሁሉ አላቸው፤ የሌላት እሷ ብቻ ናት። ስትመዘገብም አስተማሪው ያለሱ ክፍል አትገቢም ብሏታል። አንድ ደርዘን ይበቃታል፤ ብቻ ማኘክ ትወዳለች። እናንተ ባትሰጡኝም ዲራ ገበያ ወርጄ አላጣውም።»

ሉብና ስልኳን አንስታ ወጣች። ሙስሊማ ደሟ ፈላ። ሁለት ዓመት ተኩል አብስላ፣ አጥባ፣ ተኩሳ፣ በእርሳስ ይሰስቱባት!

ከዚያ ወዲያ ቤቱ ተለወጠ። ባልና ሚስት ሲንሾካሾኩ ትሰማለች፤ የሷ ስምና «ሹርጣ» የሚለው ቃል፣ ፖሊስ፣ ይመላለሳል። የኩሽናው ቢላዎች ተቆለፈባቸው። ሌባ ናት ሊሏት እንደሆነ ገባት። አስረው ሊያስቀሯት ነው፤ ኢልሃም ያለ እናት ትምህርት ልትጀምር ነው። ሽንኩርት እየከተፈች ያለ ሽንኩርቱ አለቀሰች፤ የምትከትፈውም በማንኪያ ነበር።

በሳምንቱ አቡ ፋሃድ የኩሽናውን በር አንኳኳ። በገዛ ቤቱ!

«ግቢ... ማለቴ፣ ልግባ?» አለ።

ፓስፖርቷን፣ ኹሩጇንና የዚያኑ ቀን ትኬቷን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ የኋሊት እየተራመደ ወጣ። ሙስሊማ ወጥመድ ነው ብላ ወረቀቱን ሦስቴ አገላበጠችው። እውነተኛ ነው።

እስከ ኤርፖርት ድረስ ዓይኑን ከኋላ ማሳያው መስታወት ሳይነቅል ነዳ። ሻንጣዋን በገዛ እጁ አወረደላትና ሮጦ መኪናው ውስጥ ገባ።

«አላህ ይስጥልኝ ባባ!» አለች፣ እንባዋ እየወረደ። «መልካም ሰው ነዎት!»

አቡ ፋሃድ መስኮቱን አንድ ጣት ያህል ከፈት አደረገና፣ «ወላሂ፣ አሁን እንኳ ንገሪኝ» አላት፤ «እናትና ልጅ ያን ሁሉ ረሳስ ማን ላይ ልትተኩሱት ነበር?»