ብስኩት፣ ሙጫ፣ ቀለም

የአውቶቡሱ በር ሲከፈት ሹዪንግ አንድ እጇን ብረቱ ላይ አድርጋ አንገቷን ወደ ውጭ አሰገገችና በአፍንጫዋ በረጅሙ ሳበች። አቧራ። የመኪና ጭስ። ብስኩት የለም።

«እማማ፣ ይወርዳሉ ወይስ አይወርዱም?» አለ የአውቶቡሱ ሹፌር። በአራት ፌርማታ አራት ጊዜ መጠየቁ ነው።

«ገና ነው ልጄ፣ ዝጋው።»

መስኮቶቹ የማይከፈቱ ድፍን ናቸው፤ ከጣሪያው የሚነፍሰው ቀዝቃዛ አየር ደግሞ ምንም አይሸትም። ልጇ ቹንያን ይህን አላሰበችውም። ጠዋት ጫማዋን እያሰረች፣ ፊደል ላልቆጠረች እናቷ የዶንግዋን ከተማን መንገድ በጣቷ ቆጥራላት ነበር። «መጀመሪያ ብስኩት ይሸትሻል፤ ቀጥሎ የጫማ ሙጫ፤ ከዚያ ቀለም። ቀለሙ አፍንጫሽን ሲያቃጥልሽ ውረጂ፤ የፋብሪካው በር ፊት ለፊትሽ ነው።» ቹንያን ግን ሦስት ዓመት ሙሉ ሥራ የምትሄደው በሞተር ነው፤ ፊቷን ለነፋስ ሰጥታ።

ስድስት ሰዓት ሊሆን ሃያ አምስት ደቂቃ ቀርቶታል። ፋብሪካው በስድስት ሰዓት ለምሳ ይለቃል፣ ለግማሽ ሰዓት ብቻ። በዘጠኝ ሰዓት የሹዪንግ ባቡር ወደ አገሯ፣ ወደ ጉይዡ ተራሮች ይነሳል። ለዚህ ምሳ ካልደረሰች ልጇን የምታያት ከስምንት ወር በኋላ፣ ለአዲስ ዓመት ነው።

ያም ሆኖ ደስ ብሏታል። አምስት ቀን ከልጇ ኋላ ኋላ ስትከተል ከርማ ዛሬ ብቻዋን ናት፤ ልቧ ለመጀመሪያ ጊዜ ገበያ እንደተላከች ልጅ ይዘላል።

«ምን ፈልገው ነው እማማ?» አለች አጠገቧ የተቀመጠች፣ የዚፕ ጥቅል ጭኗ ላይ የቆለለች ሴት።

«ብስኩት።»

«ርቧቸው ነው!» አለ ከኋላ አንድ የግንባታ ሠራተኛ፣ ቢጫ ቆቡን ጉልበቱ ላይ እንዳደረገ። «ኧረ ብስኩት ያለው ሰው!»

«አልራበኝም! ሽታውን ነው።» ፊቷ እየጋለ ነገሩን አስረዳቻቸው።

 ከዚያ ሠራተኛው ሳቁን ለቀቀው። «ታዲያ ያንን የኮመጠጠ ዓሣ ታቅፈው ምን ሊሸትዎት ነው? እኔ እርስዎ ከተሳፈሩ ወዲህ ሌላ ነገር ሸትቶኝ አያውቅም።»

ሹዪንግም አብራ ሳቀች። በአገሯ ወግ የኮመጠጠውን ዓሣ ለልጇ ምሳ ጠዋት ራሷ ነበር የጠበሰችው፤ ከሩዙ ጋር በቅጠል ጠቅልላዋለች። ባለ ዚፗ ሴት ጥቅሉን ተቀብላ በዚፖቿ ሥር ቀበረችው።

«እንግዲህ የኋላውንም በር እከፍታለሁ» አለ ሹፌሩ። «እናንተም አግዟቸው።»

በሚቀጥለው ፌርማታ ሹዪንግ በፊት በር፣ ሠራተኛው በኋላ በር አንገታቸውን አወጡ።

«ከኋላ ምንም የለም!»

«ከፊትም የለም!»

በሚቀጥለው ግን ሁለቱም በአንድ ጊዜ ጮኹ። የተጋገረ ዱቄት፣ ስኳር፣ ሞቃት ቅቤ። አንድ አዛውንት ከመቀመጫቸው ተነስተው መጡና ዓይናቸውን ጨፍነው ሳቡ።

«በዚህ መንገድ አሥራ አንድ ዓመት ተመላልሻለሁ» አሉ። «ብስኩት ፋብሪካ መኖሩን አላውቅም ነበር።»

ከዚያ በኋላ አውቶቡሱ ሁሉ ያሸት ጀመር። በቀጣዩ ፌርማታ ክርክር ተነሳ።

«ይሄ ፕላስቲክ ነው» አለ ሠራተኛው።

«ሙጫ ነው!» አለች ባለ ዚፗ። «አራት ዓመት ራሴን ሲያዞረኝ የኖረ ሽታ ይጠፋኛል?»

ቀለሙን ማንም አልተከራከረበትም፤ በሩ ገና ፈቀቅ ሲል አፍንጫቸውን መታቸው። «ቀለም!» አሉ በአንድ አፍ። ጥቅሉ ከእጅ ወደ እጅ ተቀባብሎ ሹዪንግ ጋ ደረሰ።

«ይፍጠኑ እማማ!» አለ ሹፌሩ። «ሁለት ደቂቃ አለዎት!»

መንገዱን ስትሻገር ደወሉ ተደወለ፤ ሰፊው የብረት በር ወደ ጎን ተንሸራተተ። ሰውም እንደ ውሃ ፈሰሰ። ሁሉም ሰማያዊ ልብስ፣ ሁሉም ሰማያዊ ኮፍያ፣ ሁሉም አፋቸውን ሸፍነዋል። ሹዪንግ ልጇ ከቤት እንደምትወጣው ብቻዋን ብቅ የምትል ነበር የመሰላት።

«ቹንያን!» ብላ ተጣራች። ድምፅዋን ሞተሮቹ ዋጡት። ከዓይን ወደ ዓይን ተመለከተች፤ ዓይኖቹ ሁሉ ደክመዋል፣ ሁሉም ይቸኩላሉ። ግማሹ ሰው አለፈ። ከቀረውም ግማሹ አለፈ።

ጥቅሉን መሬት ላይ አስቀመጠች። ሁለት እጇን በአፏ ዙሪያ አደረገችና በአገሯ በሩዝ እርከኖቹ ላይ ቆመው ማዶ ያለውን ሰው የሚጠሩበትን ጥሪ ለቀቀችው። ቃል የለውም። ከሆድ ተነስቶ ሽቅብ የሚወጣና ጫፉ ላይ የሚሰበር ረጅም ድምፅ ነው።

በሩ አካባቢ ያለው ሰው ሁሉ ቆመ። ዘበኛው ከጎጆው ብቅ አለ። ሹዪንግ ምን እንዳደረገች የገባት ያኔ ነው፤ ደንግጣ እጇን አወረደች።

መልሱ ከሕዝቡ ውስጥ መጣ፤ ቀጭን፣ ለብዙ ጊዜ ሳይጮህበት የቆየ ድምፅ። ወዲያው ሌላ፣ ከኑድል መሸጫው ጋሪ ዘንድ። ሌላም ከአውራ ጎዳናው ማዶ። አራተኛውና አምስተኛው ተደራርበው ከግቢው ውስጥ። ከመጀመሪያው በቀር የማታውቃቸው የአገሯ ልጆች ድምፆች ናቸው፤ ሁሉም ግን ጫፉ ላይ የት መሰበር እንዳለበት ያውቃሉ።

ወደ እሷ የሚሮጡት ሰማያዊ ልብሶች አምስት ነበሩ። ከፊት ቹንያን ናት፤ ኮፍያዋ ከኋላዋ አስፋልቱ ላይ ወድቋል።