ከሳሙናው በኋላ

አባዬ ኮምፒውተሩ ላይ በግራ እጁ አመልካች ጣት ፊደሏን ፈልጎ ያገኛታል። ይጫናታል። ቀጣይዋን ደግሞ ይፈልጋል። ከውጭ ታክሲው ክላክሱን ያስጮኸዋል።

ታላቅ እህት ሻንጣዋን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። ፊቷን ወደ መንገዱ አዙራ ጆሮዋን ብቻ ለቤቱ ትታለች።

«አባዬ፣ የምትለው ካለ በል። ሰውየው ጥሎኝ ይሄዳል።»

«ኧረ ተረጋጊ፣ ገና ‹ልጄ› ላይ ነው» ትላለች ታናሿ። ምላጭ ነው የሚሏት፣ በምላሷ። «በዚህ አካሄድ እሱ ሲጨርስ አንቺ ጡረታ ወጥተሽ ትመለሻለሽ።»

ማንም አይስቅም። ለወትሮው በምላጭ ቀልድ አፏን በእጇ የምትሸፍነው እናታቸው እንኳ።

አባትና ልጅ ሳምንቱን ሙሉ ተኮራርፈዋል። ሩቅ አገር ሥራ አግኝቻለሁ ባለች ማግስት፣ እራት ላይ፣ በዚሁ ኮምፒውተር «ከዚህ በር ከወጣሽ አባት አለኝ እንዳትዪ» ብሏታል። «እሺ» አለችና ሳህኗን አነሳች። ከዚያ ወዲህ ቃል አልተለዋወጡም። ዛሬ ጠዋት ስልኳን ከምላጭ ትራስ ሥር አኖረችው። «እዚያ ሌላ ይሰጡኛል፤ ያንቺ ይሁን።»

አባዬ መነኻሪያ ውስጥ መንገደኛ እየተጣራ ያሳደጋቸው ሰው ነው። ሲጣራ ከገበያው ማዶ ይሰማ ነበር። በሽታው አንድ ጠዋት መጣና ቀኝ ጎኑንም ድምፁንም ይዞበት ሄደ።

ኮምፒውተሩን ያመጣው ጥገና ቤት የሚሠራው የአክስታቸው ልጅ ነው። «እሱ ይጽፋል፣ ማሽኑ ይናገርለታል። ሲስተሙ በነጻ ነው። ብቻ ትንሽ ማስታወቂያ ጣል ያደርጋል።»

«በነጻ ከሆነ ታዲያ ማን ነው የሚከፍለው?» አለች እናታቸው።

«ኩባንያዎቹ ናቸዋ፣ አክስቴ! አንቺን ምን ቸገረሽ?»

ማስታወቂያ የሌለውም እንዳለ ነገራቸው። ዋጋውን ሲሰሙ ሁሉም ጣሪያ ጣሪያውን አየ። ድምፅ ሲመረጥ ግን ቤተሰቡ አላመነታም፤ ያንን ወፍራሙን፣ የመነኻሪያውን የሚመስለውን መረጡለት። ያላወቁት ማስታወቂያውም በዚያው ድምፅ እንደሚነገር ነው። አባዬ መጀመሪያ የጻፈው «ውሃ» ነበር። ማሽኑ በአባዬ ድምፅ ስለ ፍራሽ ምቾት አውርቶ አውርቶ ሲያበቃ ነው ውሃ የጠየቀው። ምላጭ በሳቅ መሬት ላይ ተንከባለለች። አባዬ አልሳቀም። «ጉሮሮዬን አከራያችሁት» ብሎ ጻፈ፤ እሱንም ከብስኩት በኋላ ሰሙት።

ቀስ በቀስ ለመዱት። ማስታወቂያው ሲጀምር ሁሉም ይነሳል፤ ድስት የሚያማስል ያማስላል፣ ልብስ የሚያሰጣ ያሰጣል፣ ሲያልቅ ተመልሶ የአባዬን ነገር ይሰማል። ምላጭ ደግሞ አያስችላትም። «ምን እያለ መሰላችሁ? ለምላጭ ጫማ ግዙላት ነው የሚለው፤ አባቴ ይሙት!» እያለች ከልቧ ፈጥራ ትናገርለታለች።

አሁን አባዬ ጨረሰ። ምላጭ በትከሻው ላይ አጎንብሳ ታነባለች። «ልጄ፣ ያልኩሽን አትያዥብኝ። ቤትሽ ነው። እወድሻለሁ።»

አፏን ትከፍትና መልሳ ትዘጋዋለች። ይሄንንስ ከራሱ ትስማው፣ ትላለች በልቧ። በዕድሜዋ አንዴ ዝም ብትል ይኸው አሁን ነው።

አባዬ ቁልፉን ይጫናል።

«ነጭ ልብስዎ ነጭ ሆኖ እንዲቆይ ይፈልጋሉ?» ይላል፣ በዚያ በወፍራም ድምፁ።

ጽሑፉ ከስክሪኑ ጠፍቶ አረፋ ይሞላበታል። ታላቅ እህት ሻንጣዋን አንስታ ትወጣለች፤ ሳሙናው እስኪያልቅ ዕቃዋን ልትጭን። እናታቸውም ትንሿን ቦርሳ ይዛ ትከተላታለች። ማንም አስቦበት አይደለም። እግራቸው ነው የለመደው።

ሹፌሩ የዚህን ቤት ልማድ ከየት ይወቀው? «ግቢ፣ ግቢ፣ መሸብን እኮ!» ይላል በጠራራ ፀሐይ። ልጅቱ አንድ እግሯን ታክሲው ውስጥ አድርጋ ወደ በሩ ዞር ትላለች። የሚጣራ የለም። «አሁን ደግሞ በሎሚ መዓዛ!» ይላል የአባቷ ድምፅ። ትገባለች።

ምላጭ እየሮጠች ስትደርስ ሞተሩ ተነስቷል።

«ቆይ! ያልኩሽን አትያዥብኝ ብሏል! ቤትሽ ነው ብሏል!»

እህቷ በመስኮቱ፣ ዕንባዋ እየወረደ፣ ፈገግ ትላለች። «አይ ምላጭ። ዛሬን እንኳ አባዬን ሆነሽ ባታወሪ ምናለበት?»

«አባቴ ይሙት!»

«እሱንማ ‹ለምላጭ ስኳር ስጧት› ብሏል ስትዪም ምለሽ ነበር። በይ ግቢ። እማዬን አደራ።»

ታክሲው ይሄዳል። ምላጭ ልትደውልላት ስልክ ለማውጣት እጇን ኪሷ ውስጥ ትከታለች። አውጥታ ታየዋለች። የእህቷ ስልክ ነው።

እናታቸው አቧራው ላይ ዓይኗን ተክላ ትቀራለች። ምላጭ ብቻዋን ትመለሳለች።

ደፉን ስታልፍ ማሽኑ ለባዶው ክፍል እየተናገረ ነው። «ልጄ፣ ያልኩሽን አትያዥብኝ። ቤትሽ ነው። እወድሻለሁ።» ሳሙናውን ባመሰገነበት ቅላጼ፣ አንድም ሳይጨምር ሳይቀንስ።

አባዬ ከወንበሩ ሆኖ በሩን ያያል። ከዚያ ጣቱ ፊደሎቹ ላይ ትሄዳለች፣ ቀስ እያለች። ምላጭ ገና ሲጽፈው ታነባለች።

«ሰማችኝ?»

ቁልፉን ይጫናል።

«እንቅልፍ እምቢ ብሎዎታል?» ይላል አባዬ፤ ስክሪኑ ላይ አንድ ትልቅ ነጭ ፍራሽ ይዘረጋል። ምላጭ ዛሬ አትነሳም። እግሩ ሥር ቁጭ ትላለች፣ የማይሰማውን እጁን በሁለት እጇ ትይዛለች። ፍራሹ ምነው ባላለቀ እያለች ትጠብቃለች።