ደጅ የቀረው ጫማ

የሄርማታ ሰፈሩ ልብስ ሰፊ ኡመይር፣ ያን ሁሉ ጺም ተሸክሞ፣ የምሳ ሰዓቱን በስልክ ጌም ይጨርሳል። ጌሙ አጭር ነው፤ እንደ ጃፓን ካርቱን የተሳለች ዓይነ ትልቅ ልጅ ዝናብ እያዳመጠች ቤቷ ትቀመጣለች፣ በቃ።

የቤቱ በር ተንኳኳ።

«ኡመይር፣ ኢልመ ኮ፣ ልጄ! ኪኒኑ ስንት ስንት እንደሚዋጥ ወረቀቱን አንብብልኝ» አሉ ጎረቤቱ እማማ ሐጂራ።

የሌለ መስሎ ዝም አለ። ከሄዱ በኋላ ግን በቀይ ክር የጠቀመውን ጫማውን ደጅ አውልቆ መግባቱ ትዝ አለውና በሃፍረት ጆሮው ጋለ። ያም ሆኖ አልተነሳም።

ጌሙ ውስጥም በር ተንኳኳ። መክፈት ወይስ ዝም ማለት? ዝም ማለትን ነካ።

ስክሪኑ ደጃፉን አሳየው፤ ቀይ ክር ያለው ጫማ ተቀምጧል።

«እንዳለህ አውቄ ነበር፣ ኢልመ ኮ» አለ ስልኩ በእማማ ሐጂራ ድምፅ። «ዝም ስትለኝ ሁሉንም ዋጥኩት።»