የረቡዕ ወንፈል

ጎንበስ ብዬ ጤፍ አጭዳለሁ፤ ጆሮዬ ግን አስፋልቱ ላይ ነው። ስምንት ሰዓት ሆኗል። ዳንግላ ላይ ዳኛው ፊሽካውን ነፍቷል፤ የእንጅባራው ኮሌጃችን ልጆች ለዋንጫ እየተጫወቱ ነው። በእኔ በሦስት ቁጥሩ ቦታ ዓለምነው ገብቷል። ዓለምነው ጥሩ ልጅ ነው፤ ግራ እግሩ ግን ለመቆሚያ ብቻ ነው የተሠራችው።

ዘንድሮ አሥራ አንድ ጨዋታ አድርገን አንድም አልተሸነፍንም። አሥራ አንዱንም ተሰልፌአለሁ። ጫግኒ ላይ በዚያ ሙቀት ምላሳችን ደርቆ በባከነ ሰዓት ያሸነፍነውንም፣ እንጅባራ ላይ በጭቃ ተለውሰን እኩል የወጣነውንም፣ ሁሉንም አለሁበት። የቀረሁት ከዋንጫው ጨዋታ ብቻ ነው።

ጥፋቱ የራሴ ነው። አባቴ ወገቡን ታሞ ስለተኛ፣ ባለፈው ሳምንት ጎረቤቱ ሁሉ ወንፈል ወጥቶ ጤፋችንን አጨደልን። የሰጡንን ቀን በየተራ መመለስ የእኔ ፋንታ ነው። አያ ገበየሁ፣ “ተማሪ ነህ፤ ለእኔ የምትመጣበትን ቀን አንተው ቁረጥ” ሲሉኝ በጣቴ ቆጠርሁ። ሐሙስ ማርያም ናት፤ ቅዳሜና እሑድ ሰንበት ነው፤ የዋንጫው ጨዋታም እሑድ ነው፤ ሌላው ቀን ለሌሎቹ ጎረቤቶች ተይዟል። “ረቡዕ ይሁን” አልሁ፣ ብልጥ የሆንሁ መስሎኝ። ሰኞ አስፋልቱ ዳር ሳለሁ አሠልጣኛችን መምህር ኪዳኑ ደወለ። እሑድ ሜዳው ለስብሰባ ስለተፈለገ ጨዋታው ወደ ረቡዕ ተስቧል።

ያኔውኑ አያ ገበየሁ ደጅ ድረስ ሄጄ ነበር። ባለቤታቸው እትዬ ማናለብሽ ለሃያ ሰው የሚሆን ምስር ሲለቅሙ፣ የጠላው ጋን ተደፍኖ ቆሞ አየሁና ይሉኝታ ያዘኝ። ሰላም ብዬ ብቻ ተመለስሁ።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሲሆን እትዬ ማናለብሽ ጠላ ይዘው ወደ ማሳው ይመጣሉ።

“ጠዋት የኮሌጅ ልጆች በአይሱዙ እየጨፈሩ ወደ ዳንግላ ሲያልፉ አየሁ” ይላሉ እየቀዱ። “ዛሬ ዋንጫ ነው አሉ።”

አያ ገበየሁ ቀና ብለው ያዩኛል።

“ያንተ ኮሌጅ ነው፣ ትዕዛዙ?”

“አዎ።”

“ታዲያ አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ?”

“ወንፈል ልመልስ ነዋ፣ አያ ገበየሁ። ቀኑን የቆረጥሁት እኔ ነኝ።”

“ለምን አልነገርኸኝም?”

ጤፉን አያለሁ።

“አንተ ልጅ፣ ሃያ ሰው አለኝ እኮ! ሃምሳ ሎሚ ለአንዱ ሸክሙ ለሃምሳው ጌጡ ሲባል አልሰማህም? ብትነግረኝ ለሌላ ሳምንት እልህ ነበር።” ማጭዱን ከእጄ ይቀሙኛል። “በል ሂድ! ሩጥ!”

ሰኞ ሁለት ቃል ብተነፍስ ኖሮ ይኼኔ ዳንግላ ነበርሁ።

እሮጣለሁ። አስፋልቱ ለከሰል ከሚተከለው የዲከረንስ ዛፍ ጫካ በታች ነው፣ ሩቅ አይደለም። ወደ ዳንግላ የሚሄድ ሚኒባስ ጢም ብሎ ሞልቶ ያልፈኛል፤ ሁለተኛውም እንደዚያው። አሥር ሰዓት ሲሆን ስልኬ ይጮኻል፤ ኔትወርክ ያለው መንገዱ ዳር ብቻ ነው። መልእክቱ ከጓደኛዬ ከእንግዳው ነው፤ አጥቂያችን ነው፣ ኮሌጅ አንድ ክፍል ነው የምናድር። “2 ለ 1! ዋንጫው የኛ ነው!” ይላል። ብቻዬን መንገድ ዳር እዘልላለሁ። ወዲያው ደግሞ እንባዬ ይመጣል።

እሺ፣ ጨዋታው አመለጠኝ። እንጅባራ ከዋንጫው ጋር መግባት ግን ገና አላመለጠኝም። በዚሁ ነው የሚያልፉት፤ ሌላ መንገድ የለም። እደውላለሁ፤ አያነሳም። በዚያ ጭፈራ መሀል ማን ስልክ ይሰማል? ግድ የለም፣ ሲያዩኝ ያቆማሉ። እጄን ይዘው ጎትተው ይጭኑኛል፤ ዋንጫውንም አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ እይዛለሁ። በዕድሜዬ ይህን ያህል የተመኘሁት ነገር ያለ አይመስለኝም።

አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል አይሱዙው ከኩርባው ብቅ ይላል። ጥሩምባው፣ ባንዲራው፣ ጩኸቱ። ባሸነፍን ቁጥር መኪና ላይ የምንላት ነገር አለች፦ አንዱ የተጫዋች ስም ይጠራል፣ ሌላው “አለ!” ይላል፤ ከበረኛ እስከ ተቀያሪ ማንም አይዘለልም። በሁለት እጄ አውለበልባለሁ። መንገድ ዳር ከሰል የሚጭኑ ሰዎችም፣ ከየማሳው ቀና ያሉት አጫጆችም እያውለበለቡ ነው። የአባቴን ኮትና ባርኔጣ አድርጌአለሁ፤ ፊቴን አቧራ ውጦታል።

እንግዳው ዋንጫውን ታቅፎ ከፊት ቆሟል። ዓይኑ ዓይኔ ላይ ያርፋል። ይስቃል፤ ዋንጫውንም ከፍ አድርጎ ያሳየኛል፣ በመንገዱ ላይ ለቆመው ሰው ሁሉ እንዳሳየው።

“እንግዳው! እኔ ነኝ እኮ!”

ድምፄ ከጥሩምባው አያልፍም። መኪናው ፍጥነቱን አይቀንስም። ከኋላው ጥቂት እሮጥና ትንፋሽ ሲያጥረኝ መሀል አስፋልት ላይ እቆማለሁ።

“ትዕዛዙ!” ሲል ይሰማኛል እንግዳው።

“አለ!” ይላሉ ሁሉም፣ ወደ እንጅባራ እየራቁ።