የቤተ መጻሕፍቱ ቃጭል

የግብር ማስታወቂያ በነጻ የሚሞላላቸው ሽማግሌ በጎ ፈቃደኛ ሎሬታን ከመነጽሩ በላይ አያት። «ወይዘሮ ሎሬታ፣ የትምህርት ብድርዎ ወለድ ከገቢዎ ላይ የሚቀነስልዎት ማንም ሰው ‹ጥገኛዬ ናት› ብሎ ካላስመዘገበዎት ብቻ ነው። የሚያስመዘግብዎት አለ?»

በክሊቭላንዱ ቤተ መጻሕፍት ተራ የሚጠብቁት ሁሉ ጆሯቸውን የሰጧት መሰላት። ነርስነት ተምራ እስክትጨርስ ድረስ፣ በየዓመቱ «አዎ፣ እናቴ በእኔ ሥር ናት» የሚለው አጠገቧ የተቀመጠው ልጇ ከርቲስ ነበር። ዘንድሮም አፉን ሊከፍት ሲል እጇን ጉልበቱ ላይ ጣል አደረገች።

«የለም!» አለች። «ማንም የለም! የምኖረው በገዛ ደመወዜ ነው!»

«እማ፣ ቀስ በይ እንጂ! ቤተ መጻሕፍት ነው እኮ።»

«ሃምሳ ስምንት ዓመት ቀስ ብዬ ኖሬያለሁ፤ ይበቃኛል።»

ሽማግሌው እየሳቀ የሁለቱንም ቅጽ ሠርቶ ጨረሰ። «እርስዎ ከከፈሉት ግብር ተመላሽ ገንዘብ አለዎት፣ ወይዘሮ ሎሬታ። ልጅዎ ግን እርስዎን ከጥገኞቹ ስላጣ፣ የግብር ቅናሹ ቀርቶበት ዘንድሮ ከኪሱ ይከፍላል።»

ጠረጴዛው ላይ ተመላሽ ያገኘ ሁሉ የሚያቃጭላት ትንሽ ቃጭል ነበረች። ሎሬታ እጇን ዘረጋች። ከርቲስ ግን ቀደማትና ብድግ ብሎ፣ አዳራሹ ሁሉ ዞሮ እስኪያያቸው ድረስ አቃጨላት።